የኮምፒውተር ሰዎችን ስመርጥ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው «ሥራዎ ምን ነበር?» ሲለኝ መልሱ ይቸግረኛል። ኮምፒውተር ጠጋኝ አልነበርኩም፤ እስከ ዛሬ የፕሪንተር ቀለም ስቀይር እጄ እስከ ክርኔ ይጠቁራል። ነጋዴም አልነበርኩም። እኔ መራጭ ነበርኩ። መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተሮቹን የሚጠብቅለት፣ መስመር የሚዘረጋለት፣ ሰነዱን የሚያስቀምጥለት ድርጅት ሲፈልግ፣ ከሚመጡት መሃል «ይሄኛው ይሁን፣ ያኛው ይቅርብን» የምለው ሰው ነበርኩ። በዚህ ሥራ ደመወዝ የሚበላ ሰው አለ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። እኔ በልቻለሁ፣ ወድጄውም ነበር።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ የተካኝ ልጅ ነው። ሰሞኑን ሊጠይቀኝ ቤት መጥቶ፣ አሁን ምርጫው በሠንጠረዥ ሆኗል አለኝ። ድርጅቶቹ ስለራሳቸው ሞልተው ይልካሉ፣ ኮምፒውተሩ ነጥቡን ይደምራል፣ የበለጠው ያሸንፋል። «ታዲያ ሄዶ የሚያያቸው ማነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ሄደን ምን እናያለን ጋሼ?» አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ አልተቆጣሁትም። ከሄደ በኋላ ግን ብቻዬን ሳጉረመርም ሚስቴ ሰምታኝ፣ «እሱ እኮ ሄዷል፤ ከማን ጋር ነው የምትጣላው?» አለችኝ። እንግዲህ ከወረቀት ጋር ልጣላ።

ጅቡቲ የገባሁት በፈረንጆቹ በዘጠና ስምንት፣ የአሰብ መንገድ ተዘግቶ የኢትዮጵያ ጭነት ሁሉ ወደዚህ በዞረበት ጊዜ ነው። አባቴ ድሬዳዋ ባቡር ላይ ይሠራ ስለነበር ፈረንሳይኛን ከእሱ ጋር ሳወራ ነው የለመድኩት፤ ሰዋስው ባይኖረውም ያስኬዳል። የተቀጠርኩት ወደቡ አጠገብ ባለ የትራንዚት ድርጅት ነው። ከመርከብ የወረደውን ዕቃ የጉምሩክ ወረቀቱን ጨርሰን ከባድ መኪና ላይ እናስጭናለን። ባለቤቱን ሙሴ ፋራህን (ሙሴ በፈረንሳይኛ «አቶ» ማለት ነው) ሁላችንም ፓትሮን፣ አለቃ እንደማለት፣ ነበር የምንላቸው። ድምፃቸው ትልቅ፣ ትዕግሥታቸው ትንሽ፣ ግን ደግ ሰው ነበሩ። ደመወዙ ብዙም አልነበረም፤ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፣ ስለሱ ይሄ ይበቃል።

ያኔ የነበሩን ኮምፒውተሮች ሁለት ብቻ ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ አሥር ሆኑና ጉድ ፈላ። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይተኛል። የጅቡቲ አየር ጨው አለው፤ የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍታችሁ ብታዩ ብረቱ ላይ አረንጓዴ ዝገት ተጋግሮ ታገኛላችሁ። በሐምሌ ደግሞ መብራት ይጠፋል፣ ማቀዝቀዣው ይቆማል፣ ማሽኑም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ፓትሮን አንድ ቀን አልነሳ ያላቸውን ኮምፒውተር በጥፊ ሲመቱት ቆይተው፣ «ዘይነብ! ይህን የሚያክም ሰው ፈልጊልኝ!» ብለው ጮኹ። ማዳም ዘይነብ የአስተዳደር ኃላፊያችን ናቸው። ቀና ብለው ክፍሉን ቃኙና፣ «ወሪያ ተሾመ፣ ተነስ፣ አብረን እንሂድ» አሉኝ። ወሪያ ማለት በሶማልኛ «አንተ ሰውዬ» እንደማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እኔን ለምን እንደጠሩኝ አልገባኝም ነበር።

ማዳም አባታቸው የመናዊ፣ እናታቸው የሐረር ሴት ናቸው። አረብኛ፣ ሶማልኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ ባንድ ትንፋሽ ሊያወሩ ይችላሉ፤ ሲቆጡ ግን አማርኛው ብቻ ነው የሚቀረው። አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ከእጃቸው የፕላስቲክ ዘንቢል የማይለይ ሴት ነበሩ። ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ከእኔም ያንሳል። ስለ ሰው ግን፣ አቤት!

አገልግሎት ሊሸጡ የሚመጡ ሰዎች የሚያብረቀርቅ ካታሎግ ይዘው ነው የሚመጡት። ማዳም ካታሎጉን ተቀብለው ሳይከፍቱት ያራግቡበታል። «የዚህኛው ወረቀት ወፍራም ነው፣ ነፋሱ ጥሩ ነው» ይሉና ለእኔ ያቀብሉኛል። ከዚያ ሻጩን፣ «ማሽናችን ሲሞት መፍቻ ይዞ የሚመጣውን ሰው አምጣልኝ፤ ከእሱ ጋር ነው የማወራው» ይሉታል። የደንበኞቹን ስም ሲዘረዝርላቸው ደግሞ፣ «የሚያመሰግኑህን ተዋቸው። ጥሎህ የሄደ አንድ ሰው ስጠኝ» ይላሉ። ባለመፍቻው ሲመጣም እዚያው ፊታቸው አንድ ሰነድ አጥፍቶ እንዲመልስላቸው ይጠይቁና፣ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። ስንቱ ክራባቱን ሲያላላ አይቻለሁ!

የስልኩም ነገር አለ። እዚህ አገር ቀትር ላይ የኢትዮጵያ ጫት ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ወንዱ ሁሉ ፍራሹ ላይ ነው። ማዳም ለሚፈተኑት ድርጅቶች የሚያስደውሉኝ ልክ በዚያ ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አንድ ጊዜ ለአራት ድርጅቶች ደወልኩ። የሦስቱ ስልክ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። አራተኛው ጋ አንድ ሰው አንስቶ «አሎ» ሲለኝ፣ ጉንጩ ሙሉ መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ሳቄ መጥቶ፣ «ማዳም፣ ይሄስ እየቃመ ነው» አልኳቸው። «ታዲያስ? እየቃመም አነሳው አይደል? እሱን ጻፈው» አሉኝ። ጻፍኩት። ዓብዲ ይባላል። ያን ቀን ጉንጩ ሙሉ ሆኖ ስልክ ስላነሳ ሥራውን ያገኘው እሱ ነው፤ ጠርተነው የቀረበትን ቀን አላስታውስም።

ከሁሉም በላይ ግን አግዳሚ ወንበሩ ነው። ማዳም የአንድን ድርጅት ቢሮ ሲያዩ ቀጠሮ አይዙም። ዘንቢላቸውን ይዘው ገብተው በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ይቀመጣሉ። ዘመዷን ልትጠይቅ የመጣች ሴት ስለሚመስሉ ማንም ልብ አይላቸውም። እዚያ ሆነው ስልክ ማን እንደሚያነሳ፣ የተናደደ ደንበኛ ሲገባ ማን ወደ ጓዳ እንደሚሸሽ ያዳምጣሉ። እኔን ለምን እንደፈለጉኝ የገባኝም እዚያ ወንበር ላይ ነው። ጅቡቲ ውስጥ ቢሮ የሚያጸዱት፣ በየሰው ቤት አድረው የሚሠሩት ብዙዎቹ የእኛ አገር ሴቶች ናቸው። «እንደምን ዋልሽ እህቴ?» ካልኳት፣ ቋንቋው ናፍቋት ስለሚሆን ወሬ አታጣልኝም። ማን እንደለቀቀ፣ የትኛው ክፍል ሁልጊዜ እንደሚቆለፍ፣ ጄኔሬተሩ ከመቼ ወዲህ እንዳልተነሳ እሷ ታውቃለች።

«ስማኝ» አሉኝ ማዳም የመጀመሪያው ቀን ከዚያ ወጥተን መኪና ውስጥ ስንገባ። «እነዚህ ልጆች የነገሩህን በአፍህ ይዘህ እንዳትዞር። ሰምተህ ዝም በል። ከዚያ ራስህ ሂድና በዓይንህ እየው። ካየኸው በኋላ ያንተ ነው፣ እንደፈለግህ ተናገር። ካላየኸው አልሰማህም።»

«እሺ ማዳም» አልኩ። እሺ ማለት መቼም ቀላል ነው።

እንዲህ ስንል ዓመታት አለፉ፣ እኔም ሥራውን ለመድኩ። እንዲያውም ከመልመድ አልፌ ኮራሁ። ፓትሮን ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ ትልቅ መጋዘን የያዙት በዚያ ሰሞን ነው። የወደቡ ቢሮና መጋዘኑ አንዱን ሰነድ እኩል ማየት ነበረባቸው፤ አለበለዚያ የአንዱ ኮንቴይነር በሌላው ወረቀት ይወጣል። ስለዚህ ሰነዳችንን ሁሉ ተረክቦ የሚያስቀምጥ፣ ሁለቱን ቦታ የሚያገናኝ ድርጅት ፈለግን። ትልቅ ውል ነበር። ለመጨረሻ የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ዓብዲ ነው፤ ያኔ ሦስት ሠራተኛ ቀጥሮ፣ የሞቱ ኮምፒውተሮች እስከ ጣሪያው የተከመሩበት ሱቅ ነበረው። ሌላው ሙሴ ኢድሪስ የሚባል ሰው ነው። የእሱ ቢሮ መስታወት በመስታወት ነው፤ ስትገቡ ቅዝቃዜው ያንቀጠቅጣል፣ ሽቶ ይሸታል። ከመስታወቱ ጀርባ ሁለት ጥቁር ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። «አንደኛው ቢሞት ሁለተኛው በዚያው ቅጽበት ይተካዋል። የእናንተ ሰነድ አንድ ደቂቃ እንኳ አይጠፋም» አለን ኢድሪስ። ዓብዲ እንዲህ ዓይነት ማሽን የለውም፣ የለኝም ብሎም ነግሮናል።

እኔ በማግስቱ ኢድሪስ ቢሮ ተመልሼ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ዘምዘም የምትባል ልጅ ወለል ትወለውላለች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ የወሎ፣ የሐርቡ ልጅ ናት። ቀን ቢሮውን ታጸዳለች፣ ከዚያ ኢድሪስ ቤት ልጆቹን ትይዛለች፣ የምታድረውም እዚያው ነው። አማርኛ ስትሰማ ፊቷ በራ።

«እነዚያ ማሽኖች ደስ አይሉም?» አልኳት፣ ወሬ ለመጀመር ያህል።

አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «ወላሂ ጋሼ፣ አንደኛው ባዶ እኮ ነው! ሥሩን ስጠርግ በአንድ እጄ ነው ብድግ የማደርገው። ያኛው ግን ለሁለትም አይነሳም። ለማንም እንዳይነግሩብኝ ግን።»

«ኧረ ለማን እነግራለሁ?» አልኳት።

በማግስቱ ፓትሮን ቢሮ ተሰበሰብን። ፓትሮን፣ ማዳም፣ እኔ፣ ኢድሪስና ሁለት መሐንዲሶቹ። ሰውየው አፉ ማር ነው፤ ፓትሮን እስኪብርቷቸውን አውጥተዋል። ማድረግ የነበረብኝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። «ከመፈረማችን በፊት ሁለተኛውን ማሽን ከፍተው ያሳዩን፣ አሠራሩን ማየት ስለምወድ ነው» ብል በቂ ነበር። ኢድሪስ ላብ ላብ ይለው ነበር፣ እኛም በዓይናችን እናይ ነበር። ግን ማየት ይቆያል፤ እኔ ደግሞ ያን ደቂቃ ጮሌነቴን ማሳየት አማረኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተነሳሁና፣

«ሙሴ ኢድሪስ፣ ሁለተኛው ማሽን ባዶ ቆርቆሮ ነው! የምታጸዳልዎ ልጅ በአንድ እጇ ነው ብድግ የምታደርገው!» አልኩ።

ከዚያ ፓትሮን ሳቅ ጀመሩ፣ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፣ የኢድሪስ መሐንዲስ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ኢድሪስ ብቻ ወረቀቱን ሰብስቦ፣ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ወጣ።

ማዳም አልሳቁም። «አየኸው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ምኑን?»

«ማሽኑን። ሄደህ፣ ነክተህ አየኸው?»

«አላየሁትም። ግን እውነት ነው እኮ ማዳም።»

«እውነት መሆኑንማ አወቅሁ። ልጅቷ የት ነው የምታድረው?»

ክው አልኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዘምዘም በልቤ ውስጥ አልነበረችም። ስለ ማሽኑ እንጂ ስለ እሷ አላሰብኩም ነበር። ማዳም ዘንቢላቸውን አንስተው ቀድመውኝ ወጡ። ኢድሪስ ቤት ስንደርስ ዘበኛው ነገረን። ደውሎ አስወጥቷታል። ልብሷን እንኳ አላስያዟትም፣ ፓስፖርቷም ከውስጥ ቀርቷል። ወዴት እንደሄደች አያውቅም። እጄን አፌ ላይ ጭኜ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ማዳም ሴቶቹን እየጠየቁ አገኟት። ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ የወሎ ልጆች ተጋግዘው የተከራዩት አንድ ክፍል ነው። ሥራ ያጡም፣ መንገደኞችም እዚያ ይጠለላሉ። ዘምዘም ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«መጣህ?» አለችኝ። ከትናንት ወዲያ አንቱ ትለኝ ነበር።

«ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ» አልኩ።

«እኔ ያገሬ ሰው ብዬ ነበር የነገርኩህ። ሁሉም ሳቁ አሉ። አንተም አብረህ ሳቅህ አሉ።»

«ምን ላድርግልሽ?» አልኳት።

«ይቅርታህ ፓስፖርቴን ያመጣልኛል? እሱን ካላመጣህ ሌላ ቤት አልቀጠር፣ አገሬ አልገባ። ምን ታደርግልኛለህ?»

«ለጀልባው ፓስፖርት አያስፈልግም» አለ ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ደላላ። አጠገቡ ሁለት ወጣቶች ቦርሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ዓርብ በኦቦክ ባሕር ዳርቻ በኩል አድርገው ወደ የመን ሊሻገሩ ነው፤ እሷም አብራ እንድትሄድ እየመከራት ነበር። በዚያ ጀልባ ሄደው ወሬያቸው የጠፋ ልጆችን በዚያ ሰፈር ሁሉም ያውቃል። ቀኑ ማክሰኞ ነው።

«እስከ ሐሙስ ማታ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትይ» አሏት ማዳም። «ቃል ግቢልኝ።»

«ለርስዎ እሺ» አለች። ለእኔ አላለችም።

ረቡዕ ብቻዬን ኢድሪስ ጋ ሄድኩ። ለመንኩት። ሰውየው አልጮኸብኝም፤ እንዲያውም ለስላሳ አስመጣልኝ። «ፓስፖርቱ አለ። አንተ ‹ማሽኑን አይቼዋለሁ፣ ሙሉ ነው፣ ተሳስቼ ነበር› ብለህ ለፓትሮንህ ጻፍና ዛሬውኑ ውሰደው» አለኝ። ቢሮዬ ተመልሼ ወረቀት አወጣሁ። አሁን ላሳምረው አልፈልግም፤ ጀምሬ ነበር። «እኔ ስሜ ከታች የተገለጸው» ብዬ ጽፌ ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ማዳም ከኋላዬ ቆመዋል። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አራት ቦታ ቀደዱት።

«ባለፈው ያላየኸውን ተናገርህ። አሁን ደግሞ ያላየኸውን ልትፈርም? መጋዘን ሙሉ የሰው ዕቃ በዚያ ባዶ ቆርቆሮ ልታስጠብቅ?»

«ልጅቷስ ማዳም?» አልኩ።

«ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናውን አዘጋጅ» አሉኝ።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት፣ ኢድሪስ እንደ ወንዱ ሁሉ ጫቱን ይዞ ጓደኞቹ ጋ ሄዷል። «በዚህ ሰዓት ቤቱ የሚስቱ ነው» አሉና ማዳም ዘንቢላቸውን ይዘው ገቡ። እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ። አንድ ሰዓት ተኩል! ጥላ የለ፣ ነፋስ የለ፤ መሪው በእጅ አይነካም። ተቀቀልኩ። ግን ደግሞ ያን ቀን ከዚያ በላይ ብቀቀልም አይበዛብኝም ነበር። በመጨረሻ ማዳም ወጡ። በአንድ እጃቸው ልብስ የታሰረበት ጨርቅ፣ በሌላው ሐላዋ የሚባለው ጣፋጭ የተደረደረበት ሳህን፣ ዘንቢሉ ውስጥ ፓስፖርቱ።

«ምን ብለዋት ሰጠችዎት?» አልኳቸው፣ ዓይኔን ማመን አቅቶኝ።

«አንተን ስናማ ቆየን» አሉኝ። «አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አማንህ። ከዚያ ‹ባሌም እንደሱ ነው፣ ሳያማክረኝ ልጅቷን አባረራት፣ ልጆቼ ሲያለቅሱ ነው የሚውሉት› አለችና ተነስታ አመጣችልኝ።»

ከዚያ በቀጥታ ካርቲየ ሰባት ሄድን። ዘምዘም ፓስፖርቷን ገልጣ ፎቶዋን አየችው፣ ዘጋችው፣ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ዓርብ ጀልባው ሲሄድ እሷ አልሄደችም። ማዳም አንድ ወዳጃቸው ጋ ሥራ አስገቧት። እኛ ቢሮ ትቀጠር ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። «እሱ ካለበት አልሄድም» አለች፤ ትክክሏን ነው።

ኢድሪስ ጨረታውን ራሱ ተወው፣ ውሉ ለዓብዲ ሆነ። ዓብዲ ሁለተኛ ማሽን ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ ግን በዓመቱ አመጣ። እኔ ሄጄ፣ አስከፍቼ፣ ውስጡን አይቼ፣ በሁለት እጄ ላነሳው ሞክሬ ነው የርክክቡን ወረቀት የፈረምኩት። ወገቤን ለሳምንት አሞኛል። ማዳም እስከዚያ ድረስ ከምርጫ አውጥተው ፋይል ክፍል አስቀምጠውኝ ነበር። ፓትሮን «እውነቱን ተናገረ እንጂ ምን አጠፋ?» ብለው ተከራከሩልኝ። እኔ ግን አልተከራከርኩም። እዚያ ክፍል አቧራ ስበላ ከርሜ ስወጣ ምላሴ አጥሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ጥሩ ነበሩ። ማዳም ጡረታ ወጡና ወንበሩን ለእኔ ለቀቁልኝ። ፓትሮን አረጁ፣ ልጃቸው ከፈረንሳይ አገር ተምሮ መጥቶ ተካቸው። እኔ እንደ ማዳም በዘጠኝ ሰዓት እየደወልኩ፣ ሰነድ እያስጠፋሁና እያስመለስኩ፣ አግዳሚ ወንበር እያሞቅሁ ኖርኩ። ሴቶቹ ሲነግሩኝ እሰማለሁ፣ ከዚያ ራሴ ሄጄ አያለሁ፤ ያላየሁት ነገር ሪፖርቴ ውስጥ አንድ መስመር አልገባም። በዚህ ምክንያት ደህና ሊሆኑ ይችሉ የነበሩ ድርጅቶችን ጥዬ ይሆናል። ሴት ግን አላስባረርኩም።

ዘምዘምን አንዳንዴ መንገድ ላይ አገኛታለሁ። «እንደምን ነሽ?» ስላት፣ «ቦንዡር ሙሴ» ትለኛለች። ሌላ የለም። አማርኛዋን ከለከለችኝ። መጀመሪያ ልቧ እስኪበርድ ነው ብዬ ነበር፤ አምስት ዓመት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ፈረንሳይኛዋ ከእኔ ሲሻል እኔ ብቻ «እህቴ፣ እንደምን ከረምሽ?» እያልኩ ቀረሁ። የአገሬ ልጅ በፈረንጅ አፍ እንደ ባዕድ ስታልፈኝ እንዴት እንደሚያም ያልደረሰበት አያውቀውም።

ከጡረታዬ አንድ ዓመት በፊት ዓብዲ ደከመኝ ብሎ ሱቁን ዘጋ፣ እኔም የመጨረሻውን ምርጫዬን ጀመርኩ። ምኒልክ አደባባይ አጠገብ አንድ ፎቅ ላይ ወጣቶች የከፈቱት ድርጅት ነበር። ሰዓቴን አክብሬ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። የሕንፃው ጽዳት አለቃ ሰማያዊ ጋውን ለብሳ፣ ቁልፍ ይዛ መጣች። ዘምዘም ናት። እንዳየችኝ ቆመች። እኔ ተነስቼ ልወጣ አሰብኩ፤ በእኔ ምክንያት እንዳትጨነቅ ብዬ ነው።

«ቁጭ በል ጋሼ» አለችኝ። በአማርኛ።

ቁጭ አልኩ። እሷም ከጎኔ ተቀመጠች፤ ቁልፎቹን ጭኗ ላይ አደረገች።

«አሁንም ይሄንኑ ነው የምትሠራው?» አለች።

«የመጨረሻዬ ነው።»

«እነዚህ ልጆች ሲያጠፉ ይናገራሉ። ባለፈው ሳምንት አንዱ የሰው ሰነድ አጠፋና ባለቤቱ ሳያውቅ ራሱ ደውሎ ነገረው። ጠረጴዛ ስጠርግ ሰማሁ። አለቃው ተቆጣ፣ ግን አላባረረውም» አለችና ተነሳች። ደረጃው ላይ ደርሳ ዞር ብላ አየችኝ። «ለማንም እንዳትናገር» እስክትለኝ ጠበቅሁ። አላለችም።

ወደ ላይ ወጣሁና መፍቻ የሚይዘውን ልጅ አስጠራሁት። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በቅርቡ ያጠፋኸው ትልቁ ጥፋት ምንድን ነው?» ልጁ ቀላ፣ አለቃውን አየ፣ ከዚያ የሰነዱን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሱ አፍ ነገረኝ። ከዚያ እንደተለመደው ሰነድ አስጠፋሁ፣ አስመለስኩ፣ ማሽኖቹን ሁሉ አስከፈትኩ፣ አነሳሁ። አዲሱ ፓትሮን ሪፖርቴን አንብበው፣ «እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ከየት አመጣኸው?» አሉኝ። «ካረጀሁ ወዲህ የሚመጣልኝ ነው» አልኳቸው። ያን ዕለት ቤቴ እያፏጨሁ ነው የገባሁት፤ ሚስቴ ዕድገት ያገኘሁ መስሏት ነበር።

ይህን ከመጻፌ በፊት ሄጄ ዘምዘምን ጠየቅኋት። የእኔን ጥፋት ልጽፍ ነው፣ አንቺ ግን ትገቢበታለሽ፣ እሺ ካላልሽ ይቅር አልኳት። ረጅም ጊዜ አሰበች። «ስለ ማሽኑ የሆነውን እንዳለ ጻፈው» አለችኝ። «እሱ አሁን እኔንም ያስቀኛል። ማን እንደሆንኩ ግን እንዳታሳውቅብኝ።»

ጻፍኩና አምጥቼ አነበብኩላት። ስጨርስ «ይሁን» አለችኝ። እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ዘምዘም ስሟ አይደለም። አገሯ ሐርቡ አይደለም። ምኒልክ አደባባይ ቆማችሁ ብትፈልጓት አታገኟትም።